ውኃው ከላይ ሲወርድ፤ ከልጆች ጋር በጉለሌ ወንዞች ዳር

የዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን የሚመለከተው ልጆችን ይዞ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ዛፍ ጥላ መውጣትን ነው። «ስንት ከባድ ጉዳይ እያለ ስለ ሽርሽር ይጻፋል ወይ?» የሚል አንባቢ እንደማይታጣ እናውቃለን። እኛ ግን ጉዳዩ ቀላል ሆኖ አልታየንም። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ መድረሳ፣ ከመድረሳ ተመልሶ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ሞባይል የሚሄድ ልጅ በአዲስ አበባ ሞልቷል። ግቢው በሰርቪስ ቤት ተይዟል፤ መንገዱን መኪና ሞልቶታል፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ልጅ ደግሞ ኳሱን የሚያንከባልለው ደረጃ ላይ ነው። ወንዱ ልጅ እንደምንም ብሎ ሜዳ ፈልጎ ይወጣል። ሴቷ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ መውጫዋ ሱቅና ሰርግ ብቻ ሲሆን እናያለን። ይህን ማንም ያዘዘው የለም፤ ዝም ብሎ ልማድ ሆኖ የቀጠለ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የጠየቅናቸው ወላጆች አብዛኞቹ «ኢድ ሲደርስ እናወጣቸዋለን» ብለው ነው የመለሱልን። ለኢድ ልጆችን ማስደሰት የተወደደ ነገር ነው። ነገር ግን የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ኢድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። አንድ ዘመን በጥቅምት ፀሐይ፣ ሌላ ዘመን በነሐሴ ጭቃ ይውላል ማለት ነው። ኢድን ብቻ የሚጠብቅ ቤተሰብ ወቅቱን አይመርጥም፤ ወቅቱ ይመረጥለታል። በዚያ ላይ በኢድ ቀን መናፈሻው ሁሉ ሰው በሰው ስለሚሆን ልጁ የሚያየው የፊቱን ሰው ጀርባ እንጂ ዛፉን አይደለም።

የሰውነት ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንዲሠሩ፣ ትልልቅ ሰዎችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ፀሐይም ራሷ መድኃኒት ናት። በ1989 ዓ.ም. በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት፣ ሪኬትስ በሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ የተያዙ ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ ለሳንባ ምች እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ሪኬትስን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ሕፃኑን ጠቅልሎ፣ ፀሐይ ከልክሎ ቤት ማቆየት ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን በምንልበት አገር ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

ታዲያ ወዴት እንሂድ? ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ጉለሌ አለ።

ጉለሌ የአዲስ አበባ ጣራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ መስቀል አደባባይ ግን በ2,350 ሜትር ግድም ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሌላም ትርጉም አለው። መካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሆና ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ በመሀል ከተማ የሚሰግድ ሰው፣ ልብ ሳይለው፣ በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን ወደ እንጦጦ ያዞራል። ተራራው ላይ ወጥቶ መስገጃ ሲያነጥፍ ቂብላው የጠፋበት ሰው ከተማውን ወደ ኋላው ካደረገ ብዙም አይስትም። የሰፈሩ ታሪክም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሸጎሌ የሚለው የሰፈር ስም የመጣው የቤኒ ሻንጉል ገዥ ከነበሩት ከሸኽ ሆጀሌ አል-ሐሰን ነው፤ መኖሪያቸው የነበረው ቤት እዚያው ጉለሌ ውስጥ ይገኛል። በአንበሳ አውቶቡስ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» እያልን ስንሳፈር ኖረን የሸኹን ስም መጥራታችንን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ ጣራ ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። ቀጨኔ፣ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቁርጡሜ የሚባሉት ሁሉ ምንጫቸው እዚያው የእንጦጦ ጉያ ነው። ቤተሰብ ሊሄድባቸው ከሚችሉት ቦታዎች ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ሁለተኛው በመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ነው። የመጀመሪያው ጸጥታ ለሚወድ፣ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ለሚጠይቅ ልጅ ይሻላል። ጽዱን ከባሕር ዛፉ፣ ወይራውን ከኮሶው ለይቶ የሚያሳይ ሰው ካለ ግማሽ ቀን አይበቃውም። ሁለተኛው የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያና ሌላም መጫወቻ ተዘጋጅቶለታል። መጫወቻዎቹና ካፌዎቹ ኪስ ይጎዳሉ። ልጆቹ አምስት ከሆኑ አባት ቀድሞ ዋጋ ጠይቆ፣ ቤት ውስጥ ተማክሮ ቢወጣ ደጃፉ ላይ ከሚመጣ ልቅሶ ይድናል። ለእኛ ግን ትልቁ ሀብት መጫወቻው ሳይሆን መንገዱና ውኃው ነው።

ይህን ዓምድ ለማዘጋጀት በአንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ቤተሰብ ሆነን፣ አያቶችም ልጆችም ጨምረን ወደ ላይ ወጥተን ነበር። ዝናቡ ካቆመ ብዙ ስላልቆየ ጅረቱ በድንጋይ መካከል እየተንሿሿ ይወርዳል። ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ከልጆቹ አንዱ፣ መድረሳ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ እጁን ነክሮ አባቱን ጠየቀ፤

«አባ፣ በዚህ ዉዱእ ይደረጋል?»

«ኡስታዝህ ምን ብለው አስተማሩህ?»

«ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው ካልተለወጠ ይሆናል ብለውናል።»

«እንግዲያው እየውና አንተው ንገረኝ።»

ልጁ አየ፣ አሸተተ፣ ሊቀምስም ሲል እናቱ እጁን ያዘችው። ልክ ናት። ለጠሃራ የሚሆን ውኃ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም፤ ላይ ላዩን ጥርት ያለ ምንጭ ከብት የሚረግጠው፣ ዝናብ የሚያጥበው በመሆኑ ካልተፈላ አይጠጣም። ለዉዱእ ግን ያ ውኃ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል እንጂ! አያቶቹ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሲነክሩ «እንዲህ ያለ ውኃ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» ሲሉ ሰማናቸው።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሆን ብለን በእግር ወደ ቀጨኔ ወረድን። ልጆቹ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ፈልገው ነበርና። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው፣ አነስተኛው ሱቅ፣ የቆርቆሮው አጥር ይታለፋል። ቤት እየበዛ ሲሄድ ጅረቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ አመድማ ሆነ፣ ከአንድ ትንሽ ድልድይ ሥር ስንደርስ ግን ጥቁር ነበር። ላስቲክ ከቁጥቋጦው ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቷል። ከአንድ ግንብ የወጣ ቱቦ በቀጥታ ወንዙ ላይ ይፈስሳል፤ የምን ቱቦ እንደሆነ ለመናገር አፍንጫ ብቻ ይበቃል። ያ ልጅ አፉንና አፍንጫውን በሹራቡ ሸፍኖ፣ «አባ፣ ሽታውም ቀለሙም ተቀይሯል» አለ። ጣዕሙን ማንም አልጠየቀውም።

ልብ በሉ፤ ይህ አንድ ውኃ ነው። ጠዋት አያቶች ዉዱእ ያደረጉበትና ከሰዓት ልጆች አፍንጫቸውን የያዙበት ውኃ በመካከላቸው ያለው የጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነው። በዚያ ጥቂት መንገድ ውስጥ ማንም ከውጭ አገር መጥቶ አልበከለውም። የአንዱ ቤት የመጸዳጃ ቱቦ፣ የሌላው የጋራዥ ዘይት፣ የሦስተኛው የቤት ጥራጊ፣ የአራተኛው የሞተ ውሻ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ፋብሪካውና ቆዳ ፋቂው ይጨመርበታል። የከተማው የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚያ ነዋሪውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም የፕላስቲክ ከረጢቱን በመስኮት ወደ ወንዝ የሚወረውር እጅ መስመር ስላልደረሰው አይደለም የሚወረውረው።

በዲናችን ይህ ጉዳይ ቀድሞ የተነገረ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውኃ በሚቀዱበት፣ በሚሄዱበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ላይ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያስከትሉ ነገሮች ቆጥረው ከልክለዋል። ውኃ፣ መንገድና ጥላ፤ መናፈሻ ማለት ከእነዚህ ሌላ ምን አለው? ያን ሐዲስ ስንማር አንድ መንገደኛ በረሃ ላይ ሲያጠፋ እናስባለን እንጂ ከቤታችን የሚወጣው ቱቦ ትዝ አይለንም።

ውኃው ከድልድዩ ሥር ሲያልፍ ደግሞ አይጠፋም። እነዚህ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው፣ ተገናኝተው አቃቂን ይሆናሉ። አቃቂ አባ ሳሙኤል በሚባለው ግድብ ይጠራቀማል። ይህ በአገራችን የውኃ ኤሌክትሪክ ታሪክ ቀደምት የሆነ ግድብ ነው፤ ዛሬ ደለልና እምቦጭ ተጭኖታል። ከዚያ ወጥቶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። የአዳማ ሰው የሚጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን ምድር አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በጉለሌ ከመስኮት የተወረወረ ነገር ሁሉ አፋር ይደርሳል ማለታችን አይደለም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ብዙው በየመንገዱ ይቀራል። ነገር ግን የአፋር ወንድሞቻችን ግመላቸውን የሚያጠጡበት ወንዝ ከሚነሣባቸው ጓዳዎች አንዱ የእኛ ጓዳ ነው።

አፋር ሩቅ ነው ለሚል ደግሞ የቀረበ አለን። በአቃቂ ዳርና በገባሮቹ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ይለማል፤ የሚለማውም በዚያው ውኃ ነው። በእነዚህ አትክልቶች ላይ የተደረጉ የተለያዩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችንና ሆድ የሚያሳምሙ ተዋሕሲያንን አግኝተዋል። ያ አትክልት ገበያ ወጥቶ፣ በዘንቢል ተይዞ፣ ወደ ቤታችን ይመለሳል። እናት ሰላጣውን በሎሚና በኮምጣጤ ስታሸው የምታሸው ምናልባት ያንኑ ቱቦ ይሆናል። የወንዝ ዳር ሰላጣ ጥሬውን ባይበላ፣ ጎመኑም በደንብ ቢበስል ይመረጣል። ብረቱን ግን ማብሰል አያወጣውም።

መንግሥት ምን አደረገ? በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ፕሮጀክት ይፋ ተደርጎ ነበር። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት «ገበታ ለሸገር» የተባለ እራት ተካሂዷል። ኋላም በቀበና ወንዝ በኩል ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ መናፈሻ ድረስ የወንዝ ዳር ልማት ተጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ ወጥቷል። የተሠራውን አይተን አድንቀናል፤ ድንጋዩ ተነጥፏል፣ መብራቱ ቆሟል፣ ሣሩ ተተክሏል። እንዲያም ሆኖ የእኛን ፍርድ ለመናገር፣ መናፈሻ የሚለካው በዳሩ አይደለም፤ በመካከሉ በሚፈሰው ነው። ለልማቱ ሲባል ከወንዝ ዳር የተነሡ ሰዎችም አሉ። እነርሱ የኖሩበት ቦታ ለጎርፍ የተጋለጠ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ከጎረቤትና ከመተዳደሪያ ተነቅሎ ዳር ከተማ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሣሩ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች መዘንጋት የለብንም።

እንዲያው ስንወጣ ካየነው አንድ ነገር እንጨምር። በሽሮ ሜዳ መንገድ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይረዝማል። ከእኛ ጋር የነበረች እህት አንዷን፣

«እማማ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ። ውኃ እንስጥዎ» አለቻቸው።

«ካወረድኩት ማን ያሸክመኛል ልጄ?» ብለው ቆመው፣ ጎንበስ እንዳሉ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

ከእነዚህ እናቶች መካከል በማኅበር ተደራጅተው፣ ሽመና ተምረው፣ ሸክሙን የተገላገሉ አሉ። የእነርሱን ነጠላና ፎጣ መግዛት ከካፌው ማኪያቶ ይበልጣል እንላለን። ያ ተራራ ለእኛ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ለእነርሱ ጉልበት የሚያልቅበት ቦታ እንደነበረ ልጆች ቢያውቁት አይከፋም። ባሕር ዛፉም ቢሆን የተተከለው ለጥላ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ልትሰደድ በደረሰችበት ጊዜ መጥቶ ያዳናት ዛፍ ነው። ዛሬ ውኃ ይመጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ ቀስ በቀስም በአገር በቀል ዛፎች እየተተካ ነው።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ መውጣት እንዴት ይቻላል ለሚሉን አንባቢያን ያየነውን እንናገር።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ አቻ የለውም። አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ጅረቱ ገና ሙሉ ነው፣ ውኃውም ከደለል ይጠራል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መውጣት የሚችል ቤተሰብ ካለ ይህን ወቅት ይምረጥ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ብርዱ ይጠነክራል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ቦሌ ላይ ቀላል የመሰለ ጠዋት እንጦጦ ላይ ውርጭ ሊሆን ይችላል። ሕፃን የያዘ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ባይወጣ ይሻላል። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፤ ጅረቱ ይቀጥናል፣ አቧራው ይነሣል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ክብሪት አይችልም። ሻይ ለማፍላት እሳት ማንደድ ቀርቶ የሲጋራ ቁራጭ እንኳ ጫካ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሻዩ በፔርሙስ ይምጣ። በበልግ ወራት ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ማሰብ ነው።

ሰው የሚፈራው ክረምትን ነው። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ስለሚወርድ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ክረምት በሙሉ የተዘጋ በር አይደለም። በአዲስ አበባ ክረምት ብዙ ቀን ጠዋቱ ብራ ሆኖ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጠዋት ወጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ተራምዶ፣ ለዙህር ቤት መግባት ይቻላል። ጉሙ ከዛፍ መካከል ሲነሣ ማየት፣ የእርጥብ አፈርና የጽድ ሽታ መሳብ በበጋ የማይገኝ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ አንድ ትርፍ ካልሲ፣ የላስቲክ ካፖርት ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ከረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቀው የሚገባን ጎርፉን ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ መሀል ከተማ ባለው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መሬቱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ውኃው ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም ማለት ነው። እኛ ካለንበት ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ሊመጣ ይችላል። ትንሹ ጅረት በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከተቀየረ ልጆችን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ጫማና ምንጣፍ ለማንሣት መመለስ አይገባም። በክረምት ወንዝ ውስጥ ገብቶ መሻገር የሚባል ጨዋታ ፈጽሞ አይኑር። ለወጣት ወንዶች ይህን ደግመን እንነግራለን፤ ጉልበት የሚፈተንበት ሌላ ብዙ ዳገት አለ።

አያቶችን ይዞ የሚወጣ ሰው ከፍታውን ያስብ። አየሩ ስስ ነው፤ ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ በዝግታ፣ እያረፈ ይሂድ። ዕቃ ሲዘጋጅ ውኃ ይብዛ፣ ቅባት ይነስ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ቆሻሻውን መልሶ ቤት ለመውሰድ አንድ ባዶ ከረጢት መያዝም አይረሳ።

እዚህ ላይ ስለ እናቶች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙ ጊዜ ሽርሽር ሲባል አባት ይራመዳል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ እናት ድስቱንና ፔርሙሱን ስትጠብቅ ትውላለች። ሌሊቱን ዶሮ ወጥ ስትሠራ አድራ፣ ቀኑን ሳህን ስታጥብ ውላ፣ ማታ «ተዝናናሽ?» ትባላለች። ይህ ለእርሷ የኩሽና ለውጥ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ቀላል ምግብ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ከቤተሰብ አንዱ ተራ ገብቶ ዕቃ ይጠብቅ፤ እናትና ሴት ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸውን ባዶ አድርገው ይራመዱ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባስቦ ሲወጣ ሴቶቹ ብቻቸውን ሆነው ረዘም ያለ መንገድ ለመሄድ አይፈሩም። ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ በፒን የተያዘ ሒጃብና ስኒከር ካለ ዳገት ለመውጣት የሚያግድ ልብስ የለም። ከእኛ ጋር የነበረች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከወንድሞቿ ሁሉ ቀድማ ወደ ላይ ደርሳ ጠብቃናለች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ቤቱን ታስጨንቃለች አሉ።

ስለ ሶላት ጊዜ የሚጠይቁም አሉ። ዙህር ዓመቱን ሙሉ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል፤ ዐስር ከ9 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የወጣ ቤተሰብ ዙህርን እዚያው ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከዐስር በኋላ መውረድ ይችላል። የዉዱእ ውኃ በጀሪካን ይዞ መሄድ ጅረቱ ለቀነሰበት ጊዜ ይበጃል፤ በጀሪካኑም ቢሆን ሳይባክን ነው። መስገጃ ሲነጠፍ የሰው መተላለፊያ ላይ አይሁን።

መግሪብ በአዲስ አበባ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ጨለማውም ወዲያው ነው የሚከተለው። ስለዚህ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከጫካው መውጣት፣ ልጆችን መቁጠር፣ ታክሲ ወዳለበት አስፋልት መድረስ ያስፈልጋል። ያ ተራራ ቀን ቀን የድኩላና የሚዳቋ፣ የእኛም ነው። ከመሸ በኋላ ግን ጅብ ይረከበዋል፤ እርሱ ደግሞ ሰዓቱን አሳልፎ አያውቅም።